ትል በክብሪት ቀፎ

ማክሰኞ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ አንዲት አሮጊት ሠርግ የተጠሩ ይመስል ጫማቸውን ወልውለው ፀረ-ተባይ መደብሩ ውስጥ ከች ይላሉ። ከቦርሳቸው የክብሪት ቀፎ አውጥተው ባንኮኒው ላይ ያስቀምጡና፣ የታመመ ልጅ ሐኪም ቤት እንዳመጣ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይኸውልህ ልጄ፣ የግቢዬን ሣር ፈጀብኝ» ይላሉ።

ቀፎው ውስጥ አንድ ትል አለ። አንዱን ሳምንት ተምች ነው፣ ሌላውን ሥር የሚበላ ነጭ ትል። ትል የጠፋ ዕለት አረም ከነሥሩ በላስቲክ ጠቅልለው ይመጣሉ። ሻጩ መነጽሩን አጥልቆ ይመረምራል፤ አረጫጨቱን ያስረዳል። እሳቸው ወንበር ስበው ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ጎረቤታቸው ውሻ፣ ስለ ዘንድሮ ዝናብ ሲያወሩ ምሳ ሰዓት ይደርሳል። የገዙትን መድኃኒት ግን እዚያው ባንኮኒው ላይ ረስተውት ይወጣሉ።

ዛሬ ሻጩ ቀፎውን ከፈተ። ትሉ አረንጓዴ ነው፤ አጠገቡ የጎመን ቅጠል ቁራጭ ተኝቷል።

«እማማ፣ ይሄ እኮ የጎመን ትል ነው። ሣር ዞር ብሎም አያይ።»

አሮጊቷ ቦርሳቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት።

«እና ምን ላድርግ ልጄ?» አሉ በምሬት። «ሣሩ ከዳነብኝ ሁለት ወሩ!»