የተሽቀነጠረችው ፕላኔት

ከዋክብት በጉልላቱ ጣሪያ ላይ በሚታዩበት አዳራሽ ውስጥ ሁልጊዜ ፊት የሚቀመጥ አንድ ሽማግሌ አለ። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ባርኔጣውን አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ ያኖራል። አዳራሹ ጢም ብሎ ቢሞላም «ሰው አለበት» ብሎ ድርቅ ይላል። የሰማዩን ትዕይንት የምታብራራው አስረጂ ግን ሰው ሲመጣ አይታ አታውቅም። ዓይኑን ማየት ያስጠላታል።

ኮከብና ፕላኔቶች ከአንድ የጋዝና የአቧራ ደመና እንደሚወለዱ ስትናገር ጆሮውን ሰጥቶ ይሰማል። የእኛ ግዙፍ ፕላኔቶች ከፀሐይ ርቀው ተቀምጠዋል፤ ሌላ ኮከብ ዘንድ ግን ግዙፉ ወደ ኮከቡ እየተጠጋ ታናሾቹን ይገፋል። ጣሪያው ላይ አንዲት ታናሽ ፕላኔት ተሽቀንጥራ ጨለማው ሲውጣት፣ ሽማግሌው በከዘራው ወለሉን ይደበድባል።

«ውሸት! ራሷ ናት የወጣችው!»

ተመልካቹ ይስቃል። ዛሬ ግን መብራት ሲበራ ሽማግሌው በሩ ላይ ጠበቃት።

«አንቺ ልጅ፣ ያቺን ነገር አስተካክያት። ማንም አልገፋትም በይ።»

«አባባ፣ ለእርስዎ ብዬ ሰማይን አላጣምምም።»

«ሻንጣዋን ደጅ ስላወጣሁላት ማባረር ይባላል እንዴ?» ብሎ ጮኸና ክው አለ።

አስረጂዋ ደሟ ፈላ። ሴት ልጁን አባሮ ሰማይን በሐሰት ሊያስመሰክር የሚመላለስ ጉድ!

«አሁን የት ናት?»

«እዚሁ፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ። ወልዳለች አሉ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ጎለተዎት?»

ሽማግሌው ለሚቀጥለው ትዕይንት ትኬት ሊቆርጥ ሄዶ ሰልፍ ያዘ።