የሐጂ መኪና ትንፋሽ

ከአባይ ማዶ የመኪናን አንጎል ከፍቶ ያነበበ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ይህን የምለው በትሕትና ነው፤ ትሕትናዬን ብተወው ኖሮ ከአባይ ወዲህ ያለውንም እጨምር ነበር። አሶሳ ውስጥ ቱርቦ ያለው ሞተር ሁሉ ኮቴዬን ሲሰማ ያለ ቁልፍ ይነሣ እንደነበር ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ። ልጆቼ እናታቸውን ጠየቁ። እሷም ሳትራራልኝ ነገረቻቸው፦ ያነበብኩት የአንዲት ፒክአፕ አንጎል ነው፤ እሱንም መጀመሪያ ያነበብኩት ሳይገባኝ ነው።

ጊዜው ክልሉ ገና አዲስ የነበረበት ነው። ቢሮዎቹ ማኅተም ነበራቸው እንጂ ወንበር ገና ነበር። እኔ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። አዲስ አበባ ጋራዥ የሚሠራው ወንድሜ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ከነገመዱ ላከልኝ። ገመዱ ከመኪና ኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ሞተሩ ምን ያህል አየር እንደሚስብና ምን ያህል ናፍጣ እንደሚጠጣ ስክሪኑ ላይ ያሳያል። መጠኑንም መቀየር ይቻላል። ወንድሜ በስልክ ደጋግሞ መከረኝ፦ «መጀመሪያ አንብብ። የፋብሪካውን ፋይል ቅጂ አስቀምጥ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፤ እሱንም በጥቂቱ።» መስመሩ ጥራት አልነበረውም፤ እኔ የሰማሁት «ቀይር» የምትለዋን ነው።

ጎረቤቴ ከበርታ ብሔረሰብ የሆነ ነጋዴ ነበር። በዕድሜ እኩያዬ ቢሆንም መካ ደርሶ ስለመጣ ከተማው ሁሉ ሐጂ ይለዋል። ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ ቱርቦ ያላት ፒክአፕ ነበረችው። ባዶዋን ስትሄድ ትሮጣለች፤ ጭነትና ዳገት ሲገናኙባት ግን አስም እንዳለበት ሽማግሌ ቆማ ታቃስታለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጄ ላይ መጥቶ ተቀመጠ።

«ኡስታዝ» አለኝ፤ መምህር ሁሉ ለእሱ ኡስታዝ ነው፤ በአማርኛው ደግሞ ሴቱም ወንድ ነው። «መኪና ትንፋሽ የለው። እናቴ ደግሞ ዓይን የለው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። እናቱ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖባቸዋል። መንደራቸው ከሸርቆሌ አልፎ፣ ሚኒባስ የማይደርስበት ቆላ ውስጥ ነው። ያን ሳምንት ደግሞ ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች አሶሳ ሆስፒታል መጥተዋል፤ ዓርብ ይመለሳሉ። ሐጂ ቀደም ብሎ እናቱን ሊያመጣ ሞክሮ ነበር። መኪናዋ ዳገቱ መሐል ቆመችና ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። አሮጊቷ «መልሰኝ፤ ዕውር እንደሆንኩ በሰላም ልሙት» ብለው ወረዱ።

«አሁን እንደገና ከቆመ» አለ ሐጂ፣ «ወላሂ፣ እናቴ ሁለተኛ መኪና ላይ አይወጣም።»

«ሐጂ፣ አንተ እናትህን ብቻ አዘጋጅ» አልኩት። «መኪናህን ዳገቱን በበረራ አሳልፋታለሁ።»

ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ስክሪኑን ያያል። ገና ሳንጀምር ሕግ አወጣሁ፦ ኮምፒውተር የያዘ ሰው መሪ አይነካም። ሐጂ ሕጉን በአክብሮት ተቀበለ።

ለሙከራ ጭነት ያስፈልግ ነበርና ባልደረቦቼን መምህራን ከኋላ ጫንኳቸው። ከዚያ ናፍጣውን ጨመርኩ። በጥቂቱ አይደለም፤ እንግዳ እንደሚጋብዝ ሰው ነው የጨመርኩት። ከከተማው መውጫ ያለችውን አቀበት ስንጀምር ከጭስ ማውጫው የወጣው ጥቁር ነገር ፀሐይዋን ጋረዳት። ዶሮዎች መሸ ብለው ወደ ቆጣቸው ወጡ። መኪናዋ ቆመች። መምህራኑ ሲወርዱ ከጥርሳቸው በቀር የሚታይ ነገር አልነበራቸውም።

ከወለጋ የመጣው የሒሳብ መምህር ፊቱን እየጠረገ «አንተ፣ ይሄ ነው ፊዚክስ?» አለኝ። «እኛ እኮ ከሰል መሥራት አገራችንም እንችል ነበር!»

ሐጂ ግን አልሳቀም። መሪውን እንደያዘ ወደ ሸርቆሌ አቅጣጫ ያይ ነበር።

ወደዚያ ማየቱ ከወንድሜ ምክር ይልቅ ጆሮዬን ከፈተው። በማግስቱ የፋብሪካውን ፋይል መለስኩ፤ እግዜር ይስጠው፣ ቅጂ ማስቀመጡን ፕሮግራሙ ራሱ አስገድዶኝ ነበር። ከዚያ ምንም ሳልነካ ያችኑ አቀበት በዚያው ማርሽ እየወጣን ቁጥሮቹን ብቻ አየሁ። ሐጂ ነዳጅ ሲረግጥ የአየሩ ቁጥር ትንሽ ከፍ ይልና ቀጥ ይላል። ኮምፒውተሩ የቻለውን እያደረገ ነው፤ አየር ሲያጥር ናፍጣ ይቆጥባል። እኔ ደግሞ ትናንት ለታፈነ ሰው ምግብ እያጎረስኩት ነበር።

ኮፈኑን ከፍቼ ቱርቦው አየር የሚስብበትን ቧንቧ በእጄ እየዳሰስኩ ወደ ኋላ ሄድኩ። መጨረሻው ላይ፣ ከጎማው መከላከያ ጀርባ ባለው አፉ ላይ ለስላሳ ነገር ያዝኩ። ቶብ ነው! የበርታ ሴቶች የሚጣፉት ያ ሰፊ ጨርቅ፣ አበባው ሳይቀር፣ ተጣጥፎና ተደራርቦ በገመድ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል።

በበጋ የአሶሳ ቀይ አቧራ ሞተር ይበላል፤ ስለዚህ ሾፌሩ ሁሉ በአየር መሳቢያው ላይ ስስ ጨርቅ ያስር ነበር። የሐጂ ሚስት ግን የምትወደውን ነገር በስስ የምትሸፍን ሴት አይደለችም።

«አሮጌ መስሎህ ነው? የሰርጌ ቶብ ነው!» አለችኝ ተቆጥታ። «በየሳምንቱ አጥቤ አስራለሁ። አንተ አፍህን ከፍተህ አቧራ ትበላለህ እንዴ?»

«አልበላም። ግን በብርድ ልብስ ተሸፍኜም ዳገት አልሮጥም።»

ቶቡን ከእጄ ተቀበለችኝ። ስታራግፈው አቧራው እኔ ላይ ነው ያረፈው፤ ሆን ብላ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከነጠላዋ ጫፍ ስስ ቁራጭ ቀድዳ አምጥታ ራሷ አሰረችው። ለሐጂ እውነቱን ነገርኩት፤ ኮምፒውተሩ ምንም አልሠራም፣ ጥፋቱ የጨርቅ ነው አልኩት።

«እንዴት አልሠራም?» አለ። «ቶቡን ያየ እሱ ነው። እኔና አንተ ዓይን ይዘን አላየነው።»

ከዚያ በኋላ ነው በእውነት መማር የጀመርኩት። መምህራኑን እንደገና ለምኜ ጫንኩ። ሞተሩ በዝግታ በሚዞርበት ደረጃ ላይ ናፍጣ ቅንጣት ጨመርኩ፤ ወጣን፣ ጭሱን አየን። ሌላ ቅንጣት ጨመርኩ፤ ወጣን፣ የሞተሩን ሙቀት አየን። ጭሱ ሲጠቁር አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መለስኩና እጄን ሰበሰብኩ። የሒሳብ መምህሩ ሲወርድ ነጭ ሸሚዙን አሳየኝ፤ ነጭ ነበር።

ሐሙስ ማለዳ ወደ መንደሩ ወረድን። የሐጂ ዘመዶች እንግዳን ባዶ እጁን አይሸኙምና ማንጎ በጆንያ፣ በዚያ ላይ አንዲት ፍየል ጫኑልን። እናቱ ጋቢና መሐል፣ እኔ ላፕቶፔን ታቅፌ ከበሩ በኩል ተቀመጥን። ዳገቱ ሥር ስንደርስ አሮጊቷ፣ ዓይን ሳይኖራቸው፣ ቦታውን አወቁት። የልጃቸውን ክንድ ከነመሪው ጨምድደው ያዙ። ሐጂ ሊያስለቅቃቸው ቢሞክር ባሰባቸው። መኪናዋን አቁሞ ወደ እኔ ዞረ።

«ኡስታዝ፣ አንተ ንዳ። እኔ እናቴን ልያዝ።»

«ኮምፒውተር የያዘ ሰው…»

«ኮምፒውተሩን ዝጋው!»

«ሐጂ፣ አልችልም።»

የደከመኝ መሰለው። «መዓልሽ፣ መዓልሽ፤ ግድ የለም» አለኝ በርኅራኄ። እኔም ወርጄ ከኋላ ከማንጎውና ከፍየሏ ጋር ተሳፈርኩ። እናቱ እኔ በለቀቅሁት ወንበር ላይ ተጋድመው ራሳቸውን ከልጃቸው ጭን ላይ አሳረፉ። ቁጥር የማይበት ስክሪን አልነበረኝም፤ ጆሮዬን በጋቢናው ቆርቆሮ ላይ ለጥፌ ቱርቦውን አዳመጥኩ። ማፏጨት ጀመረ። ፉጨቱ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ፤ አልተቋረጠም። ፍየሏ ማንጎውን ትበላለች፣ እኔ እጸልያለሁ፣ በመሐሉ እንጨቃጨቃለን። አናቱ ላይ ስንወጣ ከውስጥ የሐጂ ሳቅ ተሰማኝ። እናቱ «ዳገቱ መቼ ነው የሚጀምረው?» ብለው ጠይቀውት ነው።

ሆስፒታሉ ተቀበላቸው። ዓርብ ጠዋት፣ ሐኪሞቹ ዕቃቸውን እያሰሩ ሳለ፣ ፋሻው ተፈታ። አሮጊቷ መጀመሪያ ልጃቸውን ዳሰሱት፤ ከዚያ ዳሰሳውን ትተው በዓይናቸው አዩት። እኔ ግድግዳው ጋ ቆሜ ስለ ቱርቦው ለነርሷ ትንሽ አጋንኜ እየነገርኳት ነበር። እናቱ ድምፄን ሰምተው ዞሩና በበርታኛ አንድ ነገር ጠየቁ።

ሐጂ ተረጎመልኝ። «መኪናውን ያዳነ ኡስታዝ ይሄ ነው አልኩ። እሱ ደግሞ ይላል፦ እንዲህ አዋቂ ከሆነ፣ ለምን መንገዱን ሁሉ ከኋላ ከፍየል ጋር ሲጨቃጨቅ መጣ?»

ነርሷ አየችኝ። ሐጂም መልሱን እየጠበቀ አየኝ። አዲስ የተከፈቱት ዓይኖች ደግሞ ከሁሉም አጥብቀው ያዩኝ ነበር።

«እማማ» አልኳቸው፣ «መኪና መንዳት አልችልም።»

ያኔ አልችልም ነበር። ዛሬም ግማሽ ፀጉሬ ሸብቶ፣ አልችልም።