ትዘፍናለች?

በየነሐሴው አሮጌ የጓሮ ትራክተሮች አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ አንድ ሜዳ ላይ ለትርኢት ሲሰበሰቡ፣ አንድ ሽማግሌ የእሱን የፖም ኬክ ከምትሸጠው ከቬልማ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ያቆማል። ስሙን ጠይቃው አታውቅም። ቱታው ከመታጠብ ብዛት ነጥቶ ሰማይ መስሏል። ትራክተሯን የሚወለውልበት ጨርቅ የአበባ ጥለት ያለው የሴት ቀሚስ ቁራጭ ነው። ሁለመናዋን አዲስ ቀለም ቀብቶ፣ መቀመጫዋን ብቻ እንደተላጠ ትቶታል። «የተቀመጠችበት ነው» ብሏት ነበር አንድ ጊዜ፤ ማን እንደሆነች ግን አልነገራትም።

ጆሮው ከደነቆረ ቆይቷል። ድሮ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳርፎ በንዝረቱ የትራክተሯን ጤና ያውቅ፣ ደህና ስትሆን «ትዘፍናለች» ይል ነበር። ዘንድሮ ጣቶቹም ደነዘዙ።

የማስነሻ ገመዱን ሳበ። ሞተሩ ተነሣ፤ ከሆዱ ግን ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ወጣ። የመካኒክ ሚስት የነበረችው ቬልማ ታውቀዋለች፤ ከዚያ ድምፅ በኋላ ጥገና የለም።

«ጋሼ፣ ይቺ እንኳ አበቃላት! ለመለዋወጫ ይስጡን!» አለ ከጎኑ የቆመ አሮጌ ትራክተር ሰብሳቢ እየሳቀ።

ሽማግሌው አልሰማም። የቬልማን ከንፈር እያየ ጠየቃት፦

«እትዬ፣ ትዘፍናለች?»

ቬልማ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«እንደ ሙሽራ ሚዜ!»

ፊቱ በራ። የተላጠው መቀመጫ ላይ ወጥቶ ሜዳውን ከሚዞሩት ትራክተሮች ሰልፍ ገባ። የሜዳውን እኩሌታ ሳያልፍ ኳኳታው ጸጥ አለ፤ ሞተሩ ጠፋ። ያ የሳቀበት ሰብሳቢ ከራሱ ትራክተር ወርዶ ከኋላ ይገፋለት ጀመር። ሽማግሌው ዞር አላለም፤ ባርኔጣውን እያነሣ ለሕዝቡ ሰላምታ ይሰጣል።

ከቬልማ ጠረጴዛ ፊት፣ ትራክተሯ ከቆመችበት ላይ፣ የፈሰሰ ጥቁር ዘይት ብቻ ቀርቷል። በከርሞው ነሐሴ ባዶ የሚሆነው ያ ቦታ ከወዲሁ ታያት።