ጭላዳውን ሙሽራ አደረግሽው

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ ፎቶ ቤት ውስጥ የሙሽሮችን ፎቶ አስተካክላለሁ። ሥራዬ ማለስለስ ነው። ብጉር አጠፋለሁ፣ የዓይን ሥር ጥቁረት አነጣለሁ፣ የከረመ ጠባሳ እሸፍናለሁ። ሰው በሠርግ ፎቶው ላይ እንከን ማየት አይፈልግም፤ አልፈርድበትም። እጄ ይህን ከመልመዱ የተነሳ ግን ለራሴ ደስታ የማነሳቸውን የዱር እንስሳት ፎቶዎችም ሳላውቀው እንደዚያው አደርጋቸው ነበር። ይህን የነገረችኝ ከኮምቦልቻ የመጣች አንዲት የባዮሎጂ መምህርት ናት።

ለተማሪዎቿ የምታሳየውን የወፎች ፎቶ ልታሳትም ነበር የመጣችው። ተራዋን ስትጠብቅ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን የጭላዳ ዝንጀሮ ፎቶ ቀርባ አየችው። ከደሴ በላይ ካለው ብርዳም ደጋ ላይ ጉሙ ሲገለጥ ያነሳሁት ትልቅ ወንድ ጭላዳ ነው። እኮራበት ነበር።

«ማን ነው ያነሳው?» አለች።

«እኔ።»

«ኤዲት ያደረገውስ?»

«እሱም እኔው ነኝ።»

ሻሿን መለስ አድርጋ እንደገና አየችው። «ወላሂ፣ ጭላዳውን ሙሽራ አደረግሽው!»

ወረፋ የያዙት ሰዎች ሳቁ። ፊቴ ጋለ። «ምን ማለትሽ ነው?» አልኳት።

«አፍንጫው ላይ ጠባሳ አልነበረውም?»

ነበረው። «አጥፍቼው ነው» አልኩ።

«ለምን? ከሌላ ወንድ ተናክሶ ያመጣው እኮ ነው። ጠጉሩንም እንደ ሐር አለሰለስሽው። እዚያ ውርጭ ላይ የሚያድር ፍጡር እንዲህ አይሆንም።»

ቀኑን ሙሉ ስናደድባት ዋልኩ። ከሥራ ከመውጣቴ በፊት ግን ዋናውን ፎቶ ከፈትኩትና አየሁት። ጠባሳው ከአፍንጫው እስከ ከንፈሩ ወርዷል። ጠጉሩ ላይ ደረቅ ሣር ተሰክቷል። እኔ የሰቀልኩት ጭላዳ የትም የለም፤ ይኼኛው ግን ነበር። ፎቶዋ መድረሱን ልነግራት ስደውልላት፣ «ጠባሳውን መልሼለታለሁ» አልኳት። ሳቀች። «እንግዲያው ቅዳሜ ኮምቦልቻ ውረጂ፣ የእኔን ደግሞ አንቺ ተቺልኝ» አለች።

እንዲህ ሆኖ ጀመርን። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ቁልቁል እወርዳለሁ፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ አየሩ ስለሚሞቅ የደሴውን ጃኬቴን ማውለቅ እጀምራለሁ። ከከተማው ወጣ ብለን ቦርከና ወንዝ ዳር እንቀመጣለን። ከብቶች መሀል የሚውሉትን ነጫጭ ሳቢሳዎች፣ ረግረጉ ላይ የሚያንዣብበውን ጭልፊት እናነሳለን። ፀሐዩ ሲበረታ እሷ ቤት ገብተን ላፕቶፑን ምንጣፉ ላይ እንከፍታለን። እናቷ ምሳ ይዘው ሲገቡ፣ «እናንተ ልጆች ዛሬም በወፍ ተጣላችሁ?» ይሉናል።

«አልተጣላንም እማማ፣ አብሽሩ» እላቸዋለሁ። ንግግሬ የእሳቸውን ቤት መምሰል ጀምሮ ነበር።

አንድ ሥርዓት ነበራት። ፎቶ ስታሳዪያት ቶሎ አትናገርም። «መጀመሪያ ምን ታያለሽ?» ብላ አንቺኑ ትጠይቅሻለች። አንድ ጊዜ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ የተነሳ ወፍ አሳየኋት፤ ሽቦውን አጥፍቼዋለሁ። «ወፍ አያለሁ፣ ሲበር» አልኳት። «ከምን ላይ ተነሳ?» አለችኝ። ፎቶውን መልሼ አየሁት። ወፉ ከምንም ላይ አልተነሳም ነበር።

የእኔ ተራም ደረሰ። በሬ ጀርባ ላይ የቆመች ሳቢሳ አንስታ፣ ለውድድር ልልከው ነው እያለች ሰነበተች። ላፕቶፑን ስትከፍትልኝ ወፏ ብቻ ነጥታ ትታያለች፤ ሌላው ሁሉ ጠቁሯል።

«ጥሩ ነው» አልኩ።

«ጥሩ ነው አትበይኝ። እኔ አንቺን እንዲህ ብዬሽ አውቃለሁ?»

«እውነቱን ልንገርሽ?»

«ታዲያ ለምን አመጣሁሽ?»

«በሬው የለም። ወፏ ጨለማ ላይ ቆማለች። አንቺ ጨለማ ማበጀት እንደምትችይ አየሁ እንጂ ሳቢሳና በሬ አብረው እንደሚኖሩ አላየሁም።»

ላፕቶፑን ዘግታ ወደ ጓሮ ወጣች። እናቷም ወጥተው አነጋገሯት፤ ምን እንዳሏት አልሰማሁም። ስትመለስ አጠገቤ ተቀመጠችና ጥቁረቱን ቀስ በቀስ ታሳሳው ጀመር። መጀመሪያ የበሬው ጀርባ፣ ቀጥሎ ጆሮው፣ ቀጥሎ ዝንቦቹ ወጡ። ዝንቦቹ ሲታዩ ሁለታችንም እኩል «ይኸው!» አልን። ሳቢሳዋ ለምን እዚያ እንደቆመች ያኔ ፎቶው ላይ ታየ፤ ዝንቦቹን ልትለቅም ነው። በኋላ፣ «የዚያን ቀን ብታባብይኝ ኖሮ ሁለተኛ ፎቶ አላሳይሽም ነበር» አለችኝ።

ከዚያ አገባች። ባሏ ከኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ጋር የሚሠራ የጉምሩክ ዕቃ አስተላላፊ ነበር፤ ሥራው ወደ ጅቡቲ ሲዞር እሷም መሄዷ ሆነ። የሠርጓን ፎቶ የሠራሁት እኔ ነኝ። ቅንድቧ አጠገብ የልጅነት ምልክት አላት። «እንዳትነኪው፣ እኔንም እንደ ጭላዳው ተይኝ» ብላ አስጠነቀቀችኝ። አልነካሁትም። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሳይለሰልስ የወጣ የሙሽራ ፊት የእሷ ብቻ ነው።

ከሄደች በኋላ ፎቶዎቼን በቴሌግራም እልክላት ጀመር። መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ማሻአላህ፣ ሲያምር!» በመጀመሪያ ደስ አለኝ። ቆይቶ ከፋኝ። ከሰው ሁሉ የማገኘውን ከእሷም ማግኘት አልፈለግኩም። የሥራ ባልደረባዬ «ቆንጆ ነው፣ ትንሽ ብቻ አብሪው» ይለኛል፤ የማላውቃቸው ሰዎች ልብ ይልኩልኛል። «መጀመሪያ ምን ታያለሽ?» የሚለኝ ግን ጠፋ። ራሴን ስጠይቅ ለራሴ አዝናለሁ፤ መልሴም ለስላሳ ይሆናል።

አንድ ቀን ሆነ ብዬ ክፉኛ የተበላሸ ፎቶ ሠራሁ። ቦርከና ዳር ካነሳሁት ላይ ሰማዩን ሐምራዊ፣ ሣሩን እንደ ፕላስቲክ አረንጓዴ አድርጌ ላክሁላት።

«ማሻአላህ፣ ሲያምር!»

በማግስቱ ደወልኩ። ሰላምታውን እንኳ በወጉ አልጨረስኩም። «ፎቶዎቼን አታያቸውም አይደል?»

«ኧረ አያቸዋለሁ! ደጋግሜ ነው የማያቸው።»

«የትናንቱ ሰማይ ምን ዓይነት ነበር?»

«ምን ሆኖ ነበር?»

«ሐምራዊ።»

«እህቴ» አለች፤ ድምፅዋ ወረደ። «እኔ ሰማዩን መች አየሁት? ወንዙ የሚታጠፍበትን ቦታ ነው የማየው። እዚያ ሳለሁ ቅዳሜ እንደምመለስበት ስለማውቅ ፎቶው ላይ ስህተት መፈለግ እችል ነበር። አሁን የላክሽልኝ ሁሉ ያምረኛል። ጭቃው ራሱ ያምረኛል። ይህን ዓይን ይዤ ምን ብዬ ልተችሽ?»

ረስታኛለች ብዬ ነበር። ስልኩን ይዤ የፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። እኔ የሷን ትችት ስናፍቅ፣ እሷ ለትችት የሚሆን ርቀት አጥታ ኖሯል፤ አገሩን ከራቀች ወዲህ ፎቶዎቹ በጣም ቀረቧት።

«በቃ አትተቺ» አልኳት በመጨረሻ። «ዝም ብለሽ እይ።»

«እንደዚያ ከሆነ ሳትነኪው ላኪልኝ። እንዳነሳሽው።»

አሁን ሁለት ዓይነት ፎቶ አለኝ። አንዱን እሠራዋለሁ፤ ትክክል ይሁን አይሁን የሚነግረኝ የለም። ሌላውን ቦርከና ዳር ቆሜ ወዲያው እልክላታለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ብቻዬን ወርጄ ነበር። ወፎቹ ርቀው ስለነበር ያነሳሁት ደብዛዛ ነው። ቢሆንም ላክሁት። መልሱ ቶሎ መጣ፤ በድምፅ ነበር። «ስልክሽን ከፍ አድርገሽ ያዥውና የቦታውን ድምፅ ትንሽ ቅጂልኝ፣ ምንም አትናገሪ» አለችኝ።

ያዝኩት። ውሃው ይሰማል፤ ከሩቅ አንድ ከባድ መኪና ማርሽ እየቀየረ ዳገቱን ይወጣል፤ አንድ ሰው ላሙን በስሟ ይጠራል። እጄ እስኪዝል ቆምኩና ላክሁላት።