አድነው ለማጣሪያው የያዘው ወረቀት

«ጀንበር ስትጠልቅ ባይሽ... እምም... እምም...»

ግጥሙ የጠፋበት አድነው፣ አሜሪካ ውስጥ አካላ ከተማ ባለው ቤቱ ዜማውን ብቻ እያንጎራጎረ ስልኩን ይጠብቃል። ኤርፖርት በጥበቃነት ለመቀጠር የደኅንነት ማጣሪያ ማለፍ አለበት፤ በፈረንጆቹ 2002 ደግሞ ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ተቀጥቷል። ለቃለ መጠይቁ የሄደ ዕለት፣ ማንም ሳይጠይቀው የፍርድ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ከዚያ ወዲህ ጠብታ እንዳልቀመሰ ተናገረ።

«ሰው ዲፕሎማውን ይዞ ይሄዳል፣ የኔ ጌታ የስካሩን ወረቀት» አለችው ሚስቱ ሸዋሉል። «በል ና ብላ።»

«እህል አይወርድልኝም፣ ሸዋዬ።»

ስልኩ ጮኸ። ቃለ መጠይቁን ያደረገችለት ሴት ነበረች።

«ጥፋትህን ቀድመን እናውቅ ነበር፤ ትደብቀን እንደሆነ ነው ያየነው። ሰኞ ሥራ ጀምር።»

«አለፍኩ» አለ አድነው፣ ፊቱ እንደ መስከረም ማለዳ በርቶ።

ሸዋሉል ጎረቤት እንዳይረበሽ እልልታዋን በእጇ አፍና ወንበር ሳበችለት። አድነውም እጁን ታጥቦ ማዕድ ቀረበ።