ነጸብራቁን የሚያነሳው መስታወት

ንጋት፣ ኮምቦልቻ

ጎህ ሲቀድ ወደ አሰብ ከሚወርድ ከባድ መኪና ጋቢና ገባሁ። ጉልበቴ ላይ በነጠላ የጠቀለልኳት አሮጌ የጣሊያን ካሜራ አለች።

«ጋሼ፣ ያቺ ነገር ሙቀት ትችላለች?» አለኝ ሾፌሩ ባቲን ስናልፍ።

«እሷስ ትችላለች። ለእኔ ጸልይልኝ።»

አሰብ፣ በማግስቱ

የጠራኝ ወዳጄ ሐሰን ነው፤ የወደብ ጸሐፊ። አባቱ ራሔይታ ዳርቻ ከነጀልባቸው ሰጥመው ቀርተዋል፤ አስከሬናቸው አልተገኘም።

«እኔ በታንኳ ከላይዋ ሳልፍ ጀልባዋን አያታለሁ» አለኝ። «እናቴ ግን ከዚያ ወዲህ ባሕር ላይ አልወጣችም። ከዳር ሆኜ ባመለክታት የምታየው የውኃውን ብልጭታ ብቻ ነው። ፎቶ አንሳላት።»

ብልጭታውን ከውኃ ላይ የሚያነሳ፣ ሌንስ ላይ የሚገጠም መስታወት አለ፤ ፖላራይዘር ይሉታል። ሱቅ ስንዞር ውለን አንድ ብቻ አገኘን። ስፋቱ ከሌንሴ ጋር ልክ ነበር፤ ሳጠብቀው ግን ግማሽ ዙር ሄዶ ተያዘ።

«ጨምረህ ጠምዝዘው!» አለ ሐሰን።

«ሌንሴን ላስበላው? ስፋቱ ገጠመ እንጂ የመጠምዘዣው ጥርስ ሌላ ነው።»

ከስንት ሰው ጋር እንዲህ ግማሽ ዙር ሄጄ እንደቀረሁ አሰብኩ። ቢሆንም ገዛሁት፤ በእጅም ይያዛል። በዓይን እያዩ ያዞሩታል፤ ብልጭታው ሲጠፋ እንደዚያው ሳያዛንፉ ሌንሱ ፊት መደቀን ነው።

ራሔይታ፣ ጠዋት

የሐሰን እናት ወይዘሮ ፋጡማ ከባሕሩ በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ቆመዋል። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ሩቁ ውኃ ጮኸው ሰላምታ ሰጡ፦ «አሰላሙ ዓለይኩም!» ሁልጊዜ ዓርብ ለባላቸው እንዲህ ያደርጋሉ አለኝ ሐሰን።

መስታወቱን ዓይኔ ላይ ይዤ በቀስታ አዞርኩት። ብልጭታው ጠፋ። ከእግራችን ሥር፣ ውኃው ውስጥ አሸዋው ላይ፣ የተሰበረች ጀልባ ተኝታለች።

ካሜራዬን ሳነሳ ወይዘሮ ፋጡማ እጃቸውን ዘረጉ። መስታወቱን ሳላዛንፍ ሰጠኋቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በሌላው ቁልቁል አዩ፤ ከዚያ በአፋርኛ አንድ ነገር አሉ።

«ምን አሉ?» አልኩት ሐሰንን።

«‹እንዲህ ቅርብ ነበር?› አለች።»

ከዚያ ጎንበስ ብለው እንደገና ሰላምታ ሰጡ። አሁን አልጮኹም፤ አጠገባቸው ለተቀመጠ ሰው እንደሚሉት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው።

አዲስ አበባ

ራሔይታ ላይ መስታወቱን ልቀበላቸው አንጀቴ አልቻለም ነበር። ያለ እሱ እዚያው አንድ ፎቶ አነሳሁ። የምሠራበት ጋዜጣ አዘጋጅ አገላብጦ አየውና «ይኼ እኮ ባዶ ባሕር ነው፤ ጀልባዋ የታለች?» አለኝ።

«የሟቹ ሚስት አይተዋታል» አልኩት።