ሲሚንቶ ላይ የተጻፈው ጥቅስ

ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ሳሉ፣ እኔም አሰላ ውስጥ አዲስ አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መጽሐፍ ቅዱስና አካፋ ይዘን ወደ ገጠር እንወጣ ነበር። ሰባኪያችን ሸምገል ያሉ የወለጋ ሰው ነበሩ። «ጌታ ተከተሉኝ አለ እንጂ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ አላለም» ይሉና ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከፊት ይመራሉ። ከጠመኔ ሌላ ጨብጠን የማናውቅ የከተማ ወጣቶች በጭላሎ ብርድ እየተንቀጠቀጥን እንከተላቸዋለን። አሁን ሳስበው ያ ብርድ ራሱ ይናፍቀኛል።

በበቆጂ መንገድ፣ ከአንዲት የጭሰኞች መንደር በታች ምንጭ ነበረች። ሰውም ከብትም ከአንድ ጭቃ ይጠጣል፤ እሷን በድንጋይ ገንብተን ቧንቧ ልናስገባላት ጀመርን። ቤቷ የምታሳርፈን ሴት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ከዚያ በፊት የወለደቻቸው ሁለቱም በተቅማጥ ሞተውባታል። «ይቺ ምንጭ መቼ ነው ተሠርታ የምታልቀው?» ትለኛለች በመጣሁ ቁጥር፣ ሆዷን ደገፍ አድርጋ። እኔም ድንጋይ ለማቀበል እሮጥ ነበር።

መንደሩ እስላም ነው። ቢሆንም ወንዶቹ በደቦ ወጥተው ድንጋይ ፈለጡ፤ ሴቶቹ ገንፎና እርጎ አመጡልን። ቧንቧው ገብቶ፣ እንስራ የሚቀመጥበት ደረጃ በሲሚንቶ የተለሰነ ዕለት ሰባኪያችንን ደስታ አሸነፋቸው። ሳይደርቅ ተንበርክከው ስለ ሕይወት ውሃ የሚናገረውን ጥቅስ በጣታቸው ጻፉበት። እኛም እልል አልን።

በሳምንቱ ስንመለስ ውሃው ኩልል እያለ ይወርዳል፤ የሚቀዳው ሰው ግን የለም። ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው ከታች ወዳለው ድፍርስ ወንዝ ይወርዳሉ። ያቺ ነፍሰ ጡርም መሀላቸው ነበረች፤ ስታየኝ አንገቷን ደፋች። ብግን አልኩ። «ሃይማኖት ሆኖባቸው ነዋ!» አልኩ፣ ሁሉን እንደሚያውቅ ሰው።

ሰባኪያችን ግን የነፍሰ ጡሯን ባል አባት፣ የመንደሩን ሽማግሌ፣ ሄደው ጠየቁ። ሽማግሌው በኦሮምኛ፣ ረጋ ብለው መለሱ።

«የእርስዎን መጽሐፍ ጠልተን አይደለም። ይህን መሬት ያቀኑት አያቶቼ ናቸው። አንድ ቀን ጽሑፍ የያዘ ሰው መጣና የእኔ ነው አለ፤ ይኸው ካረስነው ላይ እህል እየሰፈርንለት እንኖራለን። ጽሑፍ ያለበት ነገር ባለቤት አለው። ነገ የውሃውንስ ዋጋ አምጡ ብትሉን?»

ሰባኪያችን ይህን ሲሰሙ አብሮን ከመጣው ግንበኛ መሮና መዶሻ ተቀብለው ምንጩ ዘንድ ቁጭ አሉና የጻፉትን ይፈለፍሉት ጀመር። አንደኛው ጓደኛችን ደንግጦ ክንዳቸውን ያዘ።

«የእግዚአብሔር ቃል እኮ ነው!»

«ታዲያ ቃሉ ሰው ውሃ እንዲከለከል ነው እንዴ የተነገረው?» አሉት፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ ለጥቅሱ ይሁን ለሳቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሽማግሌው ቆመው ያዩ ነበር። የመጨረሻው ፊደል ሲነሳ ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው ጠጡና «ቢሻን ከን ረቢቲ» አሉ፤ ውሃው የፈጣሪ ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ ምራታቸውን ጠሯት። እንስራዋን ይዛ እየሮጠች መጣች።

ብዙም ሳይቆይ አብዮት መጣ፤ እኛም ተበታተንን፣ ሰባኪያችንም በሰላም አረፉ። ከብዙ ዓመት በኋላ በዚያ በኩል ሳልፍ ምንጩን ልየው ብዬ ወረድኩ። ደረጃው በእግርና በውሃ ብዛት ለስልሶ ያንሸራትታል፤ ሸካራ ሆኖ የቀረው ያ የተፈለፈለው ቦታ ብቻ ነው። አንዲት ወጣት ሴት ጀሪካኗን እዚያው ላይ አሳርፋ ትቀዳለች።

«ምነው እዚህ ላይ?» አልኳት።

«አያንሸራትትማ። እናቴ ናት ያሳየችኝ።»

እናቷ ማን እንደሆነች ስጠይቃት፣ ድሮ የምናርፍበትን ቤት በአገጯ አመለከተችኝ።

«የመጀመሪያ ልጇ እኔ ነኝ» አለችኝ በኩራት።

አላረምኳትም። ጀሪካኑን አንስቼ አሸከምኳት።